“ተውኩት” ማለት ሲበዛ፦ በዕድሜ የገፋ ዘመዳችን ቤት ውስጥ እገዛ እንደሚያስፈልገው እንዴት እናውቃለን?

አክስቴ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ከባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ወጥተው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ ብቻቸውን ከቀሩ ቆይተዋል። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በየእሑዱ እደውላለሁ። “ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ?” ይሉኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁ።

አንድ ጊዜ ለጥምቀት ስሄድ ቤቱ ውስጥ ጠላ የለም። “ተውኩት፤ ማን ይጠጣዋል ብለህ ነው?” አሉኝ። እንጀራም የሚገዛ ሆኗል፤ “ተውኩት፤ ለአንድ ሆድ ምጣድ መጣድ ምን ያደርጋል?” ሰንበቴውም ቀርቷል፤ “ተውኩት፤ ወሬ አበዙብኝ።” ለየብቻ ሲሰማ ሁሉም በቂ ምክንያት ይመስላል። ሌሊት ጋደም ብዬ ሳገጣጥመው ግን ሌላ ሆነብኝ። ጋን ማጋደል አቅቷቸዋል። ምጣዱ ላይ ያለውን በደንብ አያዩም። እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ኮብልስቶን መርገጥ ፈርተዋል።

የኛ አገር ሽማግሌና ባልቴት “አቃተኝ” አይልም፤ “ተውኩት” ነው የሚለው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ አንብቡት፦ ይህ ሰው አምና ያደርግ ከነበረው ዘንድሮ ምን ተወ?

1. ከስልኩ ጀምሩ

“ደህና ነዎት?” ሲባል “አይደለሁም” የሚል የጎጃም ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ጥያቄውን ቀይሩት። “ዛሬ ምሳ ምን በሉ? ትናንትስ?” በሉ። ሦስት ሳምንት በተከታታይ ዳቦ በሻይ ከሆነ አንድ ነገር ተነገራችሁ ማለት ነው። “የሚካኤል ዕለት ማን ቤት ዋሉ?” “ከሰል ስንት ገባ?” ብላችሁም ጠይቁ። የከሰል ዋጋ የሚያውቅ ሰው ወይ ገበያ ይወጣል፣ ወይ ገበያ ከሚወጣ ሰው ጋር ያወራል፤ ሁለቱም ደግ ምልክት ነው።

በአንድ ጥሪ አንድ ወሬ ሁለቴ ቢነገራችሁ አትደንግጡ፤ ቀኑን ብቻ ጻፉት። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ አመሻሽ ላይ ደውሉ። ጠዋት ጨዋታ አዋቂ የነበረ ሰው ሲመሽ ነገር የሚቀላቅል ከሆነ መዝግቡት። ከጥያቄያችሁ ጋር የማይገናኝ መልስ ሲበዛም ቸኩላችሁ አእምሮ ላይ አትፍረዱ። ባሕር ዳር ውስጥ ጉልምስናቸውን በፋብሪካው ማሽኖች መካከል የጨረሱ ጡረተኞች ብዙ ናቸው፤ እንዲያ ያለ ጩኸት ለዓመታት ሲሰማ ጆሮ ይጎዳል። የእትዬ “መርሳት” ግማሹ አለመስማት ሆኖ ነው የተገኘው። የደረቀ ኩክም እንዲሁ ያደርጋል፤ እሱ ጤና ጣቢያ ይወጣል።

ከዚያ አንድ ጎረቤት ያዙ፤ ቡና የሚጣጡትን። እሷንም “ደህና ናቸው ወይ?” አትበሏት፤ “በዚህ ሳምንት መቼ አየሻቸው? የት?” በሏት። ይህን ግን በስውር አታድርጉት። “ከእሷ ጋር እየተደዋወልን ነው” ብላችሁ ለዘመዳችሁ ንገሯቸው፤ ከጀርባ መሰለልን የመሰለ የሚያስቀይም ነገር የለም።

2. በዓል ባልሆነ ቀን ሂዱ፣ ሁለት ሌሊት እደሩ

የኔ ስሕተት ይህ ነበር፦ ሁልጊዜ የምሄደው በበዓል ነው። በበዓል ቤቱ ይጠረጋል፣ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ የጎረቤት ልጆች ወጡን ይሠራሉ፣ እሳቸውም የክት ልብሳቸውን ለብሰው ይቀመጣሉ። ምንም አይታይም። በማናቸውም ተራ ማክሰኞ ሂዱ። የመጀመሪያውን ቀን ስለ እናንተ ሲሉ ይበረታሉ፤ ሁለተኛው ቀን ነው የዘወትሩን የሚያሳየው።

ሌሊቱ ከቀኑ የበለጠ ይናገራል። ስንት ጊዜ ይነሣሉ? መብራት ያበራሉ ወይስ ግድግዳ እየዳበሱ ይወጣሉ? አጎበሩስ? እትዬ ቤት አጎበሩ በሥርዓት ታጥፎ ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር። ጠርዙን ፍራሹ ሥር ለመወተፍ ጎንበስ ማለት ስላቃታቸው “ይሞቀኛል፣ ተውኩት” ብለዋል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ በሚበረታበት ከተማ ይህ እንደ ትንሽ ነገር አይታይም።

ወጥ ቤት ስትገቡ አትበርብሩ፤ እየረዳችሁ እዩ። ያረረ ድስት ምን ያህል አለ? ጨው አምስት እሽግ ተገዝቶ ዘይት የለም? መሶቡ ውስጥ ሻጋታ አለ? ቡናው ከፈላ በኋላ ፍሙ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል? መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፍም ይዞ መተኛት ይገድላል፤ ይህን ያያችሁ ቀን እዚያው አስቁሙት።

ክብደት በዓይን ይሸወዳል፣ ምክንያቱም ነጠላና ጋቢ ሁሉን ይሸፍናል። ቀለበቱን እዩ። እትዬ የጋብቻ ቀለበታቸው እንዳይወልቅ ከሥሩ ክር ጠምጥመውበት ነበር። ከዚያ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመዝኑ፤ ቁጥሩንም ያዙ። ሳይፈልጉት ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ከክብደታቸው 5 በመቶ ከቀነሰ፣ ማለትም 60 ኪሎ የነበረ ሰው 3 ኪሎ ከጎደለ፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ምክንያቱ ጥርስ፣ ሐዘን፣ የገንዘብ ማጠር፣ ስኳር፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። “እርጅና ነው” የሚል ምርመራ የለም።

3. ቡና እንዲያፈሉላችሁ ጠይቁ

ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም፤ ማንም ፈተና መሆኑን አያውቅም፣ ቡናውም ይጠጣል። ቡና ማፍላት ዓይንን፣ እጅን፣ ጉልበትን፣ ትዝታን፣ ቅደም ተከተልን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። እናንተ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ቁጭ በሉ። አትርዱ፤ እሱ ከባዱ ክፍል ነው።

ከሰሉን ሲያራግቡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል? በርጩማው ላይ ዝግ ብለው ነው የሚቀመጡት ወይስ እንደ ጆንያ ዘጭ ይላሉ? ቡናውን ሲለቅሙ ጠጠሩ ይቀራል? ሲቆሉ ማረር መጀመሩን በጠረኑ ያውቃሉ? ዘነዘናውን ያነሣሉ ወይስ የተፈጨ መግዛት ጀምረዋል? ጀበናው ሲገነፍል ይደርሱበታል? አቦሉ ተቀድቶ ለቶናው ውኃ መጨመራቸውን ያስታውሳሉ ወይስ ባዶውን መልሰው ይጥዱታል? ስኳር ጨምረው እንደገና ይጨምራሉ?

እኔ ያየሁት ይህ ነው። እትዬ ከዘጌ የመጣ ቡና ቆልተው፣ አፍልተው፣ ረከቦቱን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ግራ እጃቸውን ወደ ሲኒው ላኩና ሌባ ጣታቸውን ከአፉ ገባ አድርገው ያዙት። ቀኝ እጃቸው ቀዳ። ቡናው ጣታቸውን ሲነካ አቆሙ። ቀጣዩ ሲኒ፣ እንደገና ጣታቸው። ስድስቱንም እንዲያ ቀዱ፤ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። የሚቀዱት በዓይናቸው አልነበረም።

በሁለቱም ዓይናቸው የሞራ ግርዶሽ ነበር። ያን ጊዜ ነው ሌላውም የተፈታልኝ። የጣና ቆሮሶ ሲበሉ ያደጉ ሴትዮ “ዓሣ ይሸተኛል፣ ተውኩት” ያሉት አጥንቱን ከሥጋው መለየት ስላቃታቸው ነው፤ አንዴ ጉሮሯቸውን ወግቷቸው ለማንም አልተናገሩም። የሞራ ግርዶሽ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፣ ብዙ ጊዜም የሚወስድ አይደለም። ትራኮማ በአማራ ክልል ብዙ ሰው ያጠቃ በሽታ ስለሆነ ዓይናቸውን የሚያሹ፣ “አሸዋ ገባብኝ” የሚሉ ከሆነ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ መቀልበስ አለመቀልበሱን አሳዩ፤ እሱም ይስተካከላል። በሕክምና የሚመለስን ችግር በሠራተኛ ቅጥር ለመሸፈን አትቸኩሉ።

4. አነሣሣቸውንና አረማመዳቸውን እዩ

ሰዓት ያዙ። ዘመዳችሁ ተራ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ከዚያ ይነሡ፣ 3 ሜትር ይሂዱ፣ ዞረው ተመልሰው ይቀመጡ። የዘወትር ጫማቸውን አድርገው፣ ምርኩዝ ካላቸው ይዘው። 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ ሥጋታቸው ከፍ ያለ ነው። ከሰዓቱ ይልቅ እጃቸውን ልብ ብትሉ ደግሞ ሌላ ታያላችሁ፦ ከወንበሩ ወደ ቡፌው፣ ከቡፌው ወደ በሩ መቃን፣ ዕቃ ለዕቃ እየያዙ የሚሄዱ ከሆነ ሜዳ ላይ ብቻቸውን አይቆሙም።

“ወድቀው ያውቃሉ?” ብትሉ “ኧረ እኔ!” ነው የሚሏችሁ። “አደናቅፎዎት ያውቃል?” በሉ፤ ክርናቸውንና ጉልበታቸውንም ተመልከቱ። ሲነሡ የሚያዞራቸው ከሆነ የደም ግፊታቸው ጋደም ብለው ከዚያም ቆመው እንዲለካ ጠይቁ። በቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ መድኃኒቱ መታየት አለበት፤ ውኃ ማነስም ሊሆን ይችላል። ሰው ሲያረጅ ጥሙ ይቀንሳል። በመጋቢትና ሚያዝያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሁለት ሲኒ ቡና ብቻ ጠጥተው የሚውሉ አሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ሆን ብለው ነው፣ ሽንት ቤት ላለመሄድ።

ሽንት ቤቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብዙ ግቢ ውስጥ ከቤቱ ራቅ ብሎ ነው ያለው፤ በክረምት መንገዱ ያዳልጣል፤ ቁጢጥ ብሎ መነሣት ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። አብራችሁ እስከ በሩ ሂዱና በስንት ርምጃ እንደሚደረስ፣ የሚያዝ ነገር መኖሩን፣ አምፖሉ መብራቱን እዩ። ገላ መታጠብ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቀረው ሥራ ነው። ስለ ጠረን አታንሡ፤ ሳፋው፣ የሚቀመጡበትና የሚደገፉበት የት እንዳለ ብቻ እዩ፤ መልሱ እዚያው ነው።

ወድቀው መቆም ካልቻሉ፣ አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ወጌሻ አትጥሩ። የዳሌ ስብራት ታሽቶ አይድንም፤ ሳታንቀሳቅሱ ሆስፒታል አድርሱ። ራሳቸውን ተመትተው ከሆነም “አለፈ” አትበሉ፤ ውስጥ ለውስጥ የሚደማ ነገር ከሳምንታት በኋላም በራስ ምታት ወይም በግራ መጋባት ይመጣል።

5. የመድኃኒቱን ፌስታል ጠረጴዛ ላይ ገልብጡት

እያንዳንዱ የኢትዮጵያ አዛውንት አልጋ አጠገብ አንድ ፌስታል አለ። ውስጡ የዛሬው፣ የአምናው፣ የሟች ባላቸውም መድኃኒት ይገኛል። በፈቃዳቸው ገልብጡትና አብራችሁ ለዩ። የተገዛበትን ቀን ተመልክታችሁ ቁጠሩ፦ የ30 ቀን ኪኒን ተገዝቶ 20 ቀን ቢሆነው 10 መቅረት አለበት። 24 ከቀረ ረስተዋል ወይም እየቆጠቡ ነው። 2 ከቀረ ደጋግመው ወስደዋል። እትዬ ዘንድ አንድ ዓይነት የግፊት መድኃኒት በሁለት ስም በሁለት እሽግ አገኘሁ፤ አንዱ ክሊኒክ ያዘዘውን ሌላው ሳያይ ደግሞ አዞት፣ እሳቸውም ታዛዥ ናቸውና ሁለቱንም ይውጡ ነበር። ማዞሩ ከየት እንደመጣ ያን ቀን ገባኝ። ፌስታሉን እንዳለ ይዛችሁ ወደ አንድ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሂዱ። በራሳችሁ ግን ምንም አታቋርጡ።

ጾምን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የስኳር መድኃኒት ሁሉ አንድ አይደለም። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የመጣል ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን ግን ሳይበሉ ከተወሰዱ ስኳሩን ክፉኛ ያወርዱታል፤ ግሊቤንክላማይድ ደግሞ በአዛውንት ገላ ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል። በዓቢይ ጾም ጠዋት ኪኒናቸውን ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት ቅዳሴ ላይ ላብ አጥምቋቸው፣ ተንቀጥቅጠው፣ ነገር ቢቀላቅሉ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ከነቁና መዋጥ ከቻሉ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡ፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻላቸው ድገሙ፤ ከዚያ ሕክምና ቦታ ይታዩ፣ ተመልሶ ሊወርድ ይችላልና። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አትስጡ። ጾሙን እናንተ አታስፈቱም። የነፍስ አባታቸውን ቤት ድረስ ጋብዙና ነገሩን አስረዱ፤ ለታመመና ለደከመ የሚፈቅዱ እሳቸው ናቸው። በእኔ በኩል አንድ ወር የለመንኩትን አባ በሁለት ደቂቃ ጨረሱት። ጸበልም እንዲሁ ነው፦ ጸበሉን ይጠጡ፣ መድኃኒቱንም ይዋጡ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

6. የእድር ካርዱና ገንዘቡ

የእድር ካርድ ላይ በየወሩ ምልክት ይደረጋል። አርባ ዓመት ወር ያላሳለፈ ሰው ሦስት ወር ክፍት ካለበት ወይ ብር አጥሯል፣ ወይ መንገዱ ከብዷል፣ ወይ ተረስቷል። የመብራት ክፍያውንም እንደዚሁ እዩ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርድ ካላቸው መታደሱን አረጋግጡ። የጡረታ ብሩን ማን ነው የሚያወጣላቸው? የቴሌብር ምስጢር ቁጥራቸውን ስንት ሰው ያውቃል? “ሽልማት ደርሶዎታል” ብሎ የሚደውል ሌባ ደግሞ የሚመርጠው ብቻውን የሚኖርን ሽማግሌ ነው።

ውክልና መስጠት የሚፈልጉ ከሆነ አእምሯቸው ንጹሕ ሳለ ይደረግ። ሰነድ የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ሰጪው የሚፈርምበትን ነገር መረዳቱን ያያል፤ ነገሩ ካለፈ በኋላ በር የሚዘጋው ለዚህ ነው። ይህን የሚያነሣው ግን ከውርሱ የራቀ ሰው ቢሆን ይሻላል። ምክንያቱን ወንድምና እኅት ያለው ያውቀዋል።

7. መርሳቱ ዝግ ብሎ የመጣ ነው ወይስ በድንገት?

የሰው ስም ጠፍቶ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ የዕድሜ ነው። መነጽር አስቀምጦ መፈለግም እንዲሁ። ሰላሳ ዓመት የኖሩበት ሰፈር መንገድ ሲጠፋ፣ የሚያውቁት ወጥ አሠራር ሲዘበራረቅ፣ የሞተ ሰው “መቼ ይመጣል?” ሲባል፣ አንድ ጥያቄ በአሥር ደቂቃ አራቴ ሲጠየቅ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል። ሁሉም የመርሳት በሽታ ላይሆን ይችላል፤ ድብርት፣ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም እንዲህ ያደርጋሉ፤ እነዚህ ሊታከሙ ይችላሉ። ባሏን ከቀበረች በኋላ ዝም ያለች ሴት “ጃጀች” ተብላ ስትተው ማየት ያናድደኛል።

አሁን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ ነገር ከቀላቀለ፣ ከቃዠ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ከጣለው፣ ያ እርጅና አይደለም፤ ቀጠሮ የማይሰጠው ሕመም ነው። ወባ፣ የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ፣ የስኳር መውረድ፣ የመድኃኒት መብዛት ሊሆን ይችላል። አዛውንት ላይ ትኩሳት ላይታይ ስለሚችል “ገላው አይሞቅም” ብላችሁ አትዘናጉ። ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ምልክቱ ተመልሶ ቢጠፋም እንኳ ወዲያውኑ ሆስፒታል፣ ባሕር ዳር ከሆነ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ ውሰዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥሪያ 907 ነው። ማታ ባጃጅ በማይገኝበት ሰዓት መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ስልኩን ያዙ። ዘጌ ወይም ደሴቶቹ ላይ የሚኖሩ ዘመዶች ካሏችሁ ደግሞ ሌሊት የሚያወጣ የሞተር ጀልባ ያለው ማን ነው? በታንኳ በሽተኛ አይሻገርም።

8. ጻፉና ለዩ

ከጉብኝቱ በኋላ አንድ ገጽ ወረቀት በቂ ነው። ገላ መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ ሽንት ቤት፣ ከአልጋ መነሣት፣ መብላት፤ ቀጥሎ ወጥ መሥራት፣ ገበያ፣ መድኃኒት፣ ገንዘብ፣ ስልክ፣ ልብስ ማጠብ፣ መንገድ። ከእያንዳንዱ ፊት “ብቻቸውን”፣ “ሰው ካለ”፣ “ተትቷል” ብላችሁ ጻፉ። ከሁለተኛው ዝርዝር ሁለት ሦስቱ ከተተዉ በሳምንት ጥቂት ቀን የሚመጣ ሰው ሊበቃ ይችላል። ከመጀመሪያው አንዱ እንኳ ከተተወ በየዕለቱ ሰው ያስፈልጋል። ሌሊት የሚወድቁ፣ እሳት ረስተው የሚተዉ፣ ወጥተው የሚጠፉ ከሆነ ብቻቸውን ማደር የለባቸውም።

9. እንዴት ይነገራል?

የኔ የመጀመሪያ ሙከራ ውርደት ነበር። ከገጠር ልጅ አስመጥቼ፣ ሳልጠይቃቸው፣ “እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እሷ ትሠራለች” አልኩ። “አንተ ልጅ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?” አሉኝ። በሁለተኛው ሳምንት የትራንስፖርት ሰጥተው መለሷት።

ሁለተኛው ሲሳካ እንዲህ ነበር። ቡና ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ ስለ ራሴ አወራሁ፦ “እትዬ፣ ሌሊት ሌሊት እየነቃሁ ነው፤ ያ የሽንት ቤት መንገድ ያሳስበኛል።” ዝም አሉ። “ምን ቢደረግ ይሻላል ይላሉ?” አልኩ። ከብዙ ዝምታ በኋላ “እንግዲህ መብራት ብታስገባ” አሉኝ። በዚያ ጀመርን። ይዘንዎት አዲስ አበባ እንሂድ የምትለዋን ነገር አታንሡ፤ በሩ ይዘጋል። ካልተቻለ የሚያከብሯቸውን ሰው፣ ታናሽ እኅታቸውን ወይም የነፍስ አባታቸውን አስገቡ። ልጆች ተሰብስባችሁ ከበባ እንዳታደርጉ ግን፤ ሽምግልና እንጂ ችሎት አይመስል።

10. ከትንሿ እገዛ ጀምሩ

መጀመሪያ ቤቱ ይታገዝ። እስከ ሽንት ቤት አምፖልና የሚያዝ አጣና፤ ለሌሊት አልጋ ሥር ፖፖ፤ ከፖፖው በላይ የሚቀመጡበት፣ መሐሉ ክብ ሆኖ የተቆረጠ ወንበር አናጢ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። የታጠፈ ምንጣፍ ይነሣ። ከባዱ ዕቃ ከወገብ በላይ፣ ከትከሻ በታች ይቀመጥ። ከረከቦቱ አጠገብ ያለው በርጩማ ከፍ ባለ ይለወጥ።

ቀጥሎ ሥራው ይከፋፈል። ውኃ መቅዳት፣ ከሰል ማምጣት፣ ገበያና ልብስ ማጠብ ለሚከፈለው ሰው ይሰጥ፤ ክፍያውም ግልጽ ይሁን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቱን ትወቀው፤ ግፊት እንድትለካ ጠይቋት። ዘመድ የሆነች ልጅ የምታመጡ ከሆነ ትማር፤ ትምህርቷ ከእናንተ እገዛ ጋር አብሮ ይጻፍ። አዛውንትን የምትጠብቅ የአሥር ዓመት ልጅ ራሷ ጠባቂ ያስፈልጋታል። ከወንድምና እኅቶቻችሁ ጋርም ገንዘብ የሚልከውና ገላ የሚያጥበው እኩል አለመድከማቸውን ተነጋገሩ፤ የምታጥበዋ በወር ጥቂት ቀን ትረፍ።

ሁሉን አትንጠቁ። እትዬ ቤት አሁን ሰባተኛ ክፍል የምትማር የዘመድ ልጅ አለች። ከሰሉን እሷ ታቀጣጥላለች፣ ጀበናውንም ታነሣላቸዋለች። ቀኝ ዓይናቸው ተሠርቷል፤ የግራው ተራ እየጠበቀ ነው። የሚቀዱት እሳቸው ናቸው፤ ጣታቸውን ሲኒ ውስጥ መክተት ግን እስካሁን አልተዉም።

ወረቀቱን በየሦስት ወሩ፣ ከወደቁ ወይም ሆስፒታል ከተኙ ደግሞ በማግሥቱ እንደገና ሙሉት። የእኔ ቀጣዩ ለመስከረም ነው፤ ከአጎበሩ እጀምራለሁ።